ዳገት፣ ቁልቁለትና ትንፋሽ፦ በመንዝ ደጋ የሩጫ መንገድ እንዴት ይመረጣል?

በውጭ አገር የሚታተሙ የስፖርት መጽሔቶችን የሚያገላብጥ አንባቢ በባሕር ጠረፍ ከተሞች ስለሚገኙ የሩጫ መንገዶች የተጻፉ ገጾችን ማግኘቱ አይቀርም። ምክሩ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ማዕበሉ ባረጠበው ጠንካራ አሸዋ ላይ መሮጥ ይሻላል፤ በደረቁ አሸዋ ላይ ብዙ መቆየት አይገባም፤ ሲነሡ ነፋሱን ከፊት፣ ሲመለሱ ከኋላ ማድረግ ብልህነት ነው ይላሉ። ይህ ሁሉ በሳይንስ የተደገፈ ጥሩ ምክር ነው። በደረቅና ልል አሸዋ ላይ መሮጥ በጠንካራ መሬት ላይ ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1998 በተደረገ ጥናት ተለክቷል።

ነገር ግን ይህን ምክር በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ፣ በዘመሮ ከተማ የሚኖር ወጣት ቢያነበው ምን ይጠቅመዋል? በዘመሮ አሸዋም ማዕበልም የለም። አካባቢው ደጋ ነው፤ ሜዳው በድንገት ይቆረጥና ወደ ጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል። የሩጫ መንገድ ተብሎ የተከለለ ቦታ የለም። ያለው ገበያተኛ፣ አህያና ከብት ለዘመናት የረገጡት የእግር መንገድ፣ ጠጠር የፈሰሰበት የመኪና መንገድና የግጦሽ መስክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ መንገዶች የትኛው ለምን ዓይነት ሩጫ እንደሚስማማ ከፊዚክስና ከሰውነት አሠራር ሳይንስ አንጻር ለመመልከት እንሞክራለን።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ወጣት በደጋው ላይ 10 ኪሎ ሜትር በስልኩ ለክቶ ሮጠ እንበል። ሰዓቱን ሲያይ 36 ደቂቃ ነው። ከዚያም ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 በብራሰልስ ከሮጠው 26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጋር ያወዳድረዋል። «ለካስ እኔ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተዋል፤ ወይም በንዴት በየቀኑ ያለ የሌለ ኃይሉን እያወጣ ይሮጥና በሁለት ወር ውስጥ እግሩ ይታመማል። ሁለቱም ስሕተት የሚመነጨው ሰዓቱን እንጂ ሰዓቱ የተለካበትን ከፍታ፣ ዳገትና መሬት ካለማየት ነው። ብራሰልስ ከባሕር ጠለል እጅግም ከፍ ያላለች ከተማ ናት፤ ሩጫውም የተካሄደው በተስተካከለ መም ላይ ነው።

አየሩ ቀጭን ነው ስንል

ብዙ ሰው በደጋ አገር የኦክስጅን ድርሻ ያንሳል ብሎ ያስባል። ድርሻውስ አያንስም፤ በባሕር ዳርቻም በመንዝም ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የሚያንሰው ግፊቱ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 526 ይወርዳል። ወደ ሳንባችን የምናስገባው አየር በመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጥ በውኃ ተን ስለሚረጥብ ከዚህ ላይ 47 እንቀንስና በ21 በመቶ እናባዛው። በባሕር ዳርቻ የኦክስጅኑ ግፊት 150 ገደማ ይሆናል፤ በ3000 ሜትር ላይ ደግሞ 100 ገደማ። ይህም ማለት ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ኃይል በሦስተኛ እጅ ቀንሷል ማለት ነው።

የመንዝ እናቶች ይህን ነገር ያለ ቀመር ያውቁታል። ባቄላው በደጋ ቶሎ አይበስልም፤ ግፊቱ ስላነሰ ውኃው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላልና። የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ቴርሞሜትር ያለው ተማሪ በአንድ ድስት ውኃ የመንደሩን ከፍታ በግምት ሊለካ ይችላል።

ሯጩስ? በቆላ የኖረ ሰው ወደ 3000 ሜትር ሲወጣ ሰውነቱ በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህን ለዓለም በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ከተማ የተካሄደው ኦሊምፒክ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ 2240 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ ጥቂት ዝቅ ትላለች። የ10 ሺህ ሜትሩን ውድድር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ29 ደቂቃ ከ27.4 ሰከንድ ሲያሸንፍ የእኛው ማሞ ወልዴ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። የጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን 27 ደቂቃ ከ39.4 ሰከንድ ነበር። የክብረ ወሰኑ ባለቤት አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በዚያው ሩጫ ስድስተኛ ወጥቶ መጨረሻው መስመር ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። አሸናፊው ከክብረ ወሰኑ በ108 ሰከንድ፣ ማለትም በ6.5 በመቶ ዘግይቷል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ሯጮቹ ኃይላቸውን ለመጨረሻ ቆጥበው በመሮጣቸው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ምክንያት ግን አየሩ እንደሆነ አያከራክርም። ማሞ በዚያው ኦሊምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በፊት አበበ ቢቂላ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ነበር። ማሞ ከአበበ ደካማ ነበር ብሎ ከዚህ የሚደመድም ሰው ቢኖር እጅግ ይሳሳታል። የመንዙ ወጣትም የሚኖረው ከሜክሲኮ ሲቲ በብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ ነው።

(በሌላ በኩል ቀጭን አየር ለሁሉም ጠላት አይደለም። አየሩ ስለሳሳ የሚያሳድረው ተቃውሞ ያንሳል፤ ስለዚህ አጭር ርቀት ሯጮችና ዘላዮች ይጠቀማሉ። ቦብ ቢመን 8 ሜትር ከ90 የዘለለው በዚያችው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ለረጅም ርቀት ሯጭ ግን ይህ ጥቅም ከኦክስጅኑ ጉድለት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።)

ደገኛው በደሙ ውስጥ ምን ይዟል?

«እኛ ደገኞች ነን፤ ይህ ሁሉ እኛን አይመለከትም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ከፊል እውነት አለው። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቤል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ አካባቢ፣ በ3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሯል። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲ ሊትር ደም 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15 ግራም ሲሆን ደማቸው 95.3 በመቶ ያህል በኦክስጅን የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ይህ ውጤት ተመራማሪዎችን አስደንቋል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደማቸውን በቀይ ሕዋስ ያወፍራሉ፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ዝቅ ባለ የኦክስጅን መጠን ይኖራሉ። የእኛ ደገኞች ግን በሁለቱም መለኪያ በባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረ መል ጥናት በአማራና በኦሮሞ ደገኞች መካከል እንኳ የሄሞግሎቢን ልዩነት መኖሩን አሳይቷል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የአምባራሱ ልኬት የተወሰደው ሰዎቹ በዕረፍት ላይ ሳሉ ነው። በሩጫ ጊዜ ደሙ በሳንባ በኩል በጥድፊያ ስለሚያልፍ ኦክስጅን ለመጫን ያለው ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ ደገኛውም በ3000 ሜትር ላይ የሚሮጠው ዝቅ ባለ ቦታ ከሚሮጠው ቀርፎ ነው፤ ጉዳቱ ከቆለኛው ያነሰ ይሁን እንጂ።

ከፍታ ብቻውን ሯጭ እንደማይሠራም እንረዳ። አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዲዳ በማትርቀው በጃቶ መንደር ነው። ሆኖም በተመሳሳይ ከፍታ የተወለዱ እልፍ ሰዎች ሯጭ አልሆኑም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ በኢትዮጵያውያን ሯጮች ላይ የተደረገ ጥናት ከአርሲና ከሸዋ የወጡት እንደሚበዙ ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ይሄዱ እንደነበርም አመልክቷል። እንግዲህ መንገዱም ድርሻ አለው።

የሸለቆው ጥቅም

ከፍታ ላይ በመኖርና ከፍታ ላይ በመለማመድ መካከል ልዩነት አለ። ቤንጃሚን ሌቪንና ጄምስ ስትሬይ ጉንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት 39 ሯጮችን በሦስት ከፈሏቸው። (ስለ መንዝ ሰፊ ጥናት ያደረጉት፣ የ«ሰምና ወርቅ» ደራሲ ዶናልድ ሌቪን ሌላ ሰው ናቸው።) አንደኛው ቡድን ለአራት ሳምንት በ2500 ሜትር ላይ እየኖረ ለልምምድ ወደ 1250 ሜትር ይወርድ ነበር። ሁለተኛው እዚያው ከፍታ ላይ ኖረ፣ እዚያው ተለማመደ። ሦስተኛው ከታች ሳይወጣ ቆየ። በመጨረሻ በ5000 ሜትር ሩጫ ሰዓቱን ያሻሻለው፣ በአማካይ በ13 ሰከንድ ገደማ፣ የመጀመሪያው ቡድን ብቻ ነበር። ሁለተኛውም ደሙ ዳብሮ ነበር፤ ነገር ግን ከላይ በፍጥነት መሮጥ ስላልቻለ እግሮቹ ፍጥነትን አልተማሩም።

ሯጮቹ በቆላ ያደጉ ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ደገኛው ማዛወር አይቻልም። መርሑ ግን ይሠራል፤ ፈጣን ሩጫ የሚለመደው በፍጥነት መሮጥ በሚቻልበት ቦታ ነው። የአዲስ አበባ ሯጮች ይህን በልምድ ያውቁታል። በእንጦጦ ጫካ ቀስ ብለው ይሮጣሉ፤ ለፈጣኑ ልምምድ ደግሞ በመኪና ተጭነው ዝቅ ወዳለው አቃቂ ይወርዳሉ።

የዘመሮ ወጣት መኪና ላይኖረው ይችላል፤ ሸለቆው ግን ደጁ ላይ ነው። በብዙ አገሮች ከደጋ ወደ ወይና ደጋና ወደ ቆላ ለመውረድ ረጅም ጉዞ ያስፈልጋል። በመንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ግን ውኃው ሁሉ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ለመድረስ ምድሩን ቆርጦ ስለሚወርድ በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ የአየር ጠባዩም የአየሩ ግፊትም ይለወጣል። በ1000 ሜትር ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይጨምራል። እኛ በመንዝ ለሩጫ ትልቁ ሀብት ብለን የምንገምተው የአየሩን ቅጥነት ሳይሆን ይህን ቅርበት ነው።

ዋጋው ግን መታወቅ አለበት። ወደ ሸለቆ የወረደ መመለስ አለበትና።

የዳገት ሒሳብ

አንድ መንገድ 10 በመቶ ዳገት አለው ማለት 100 ሜትር ወደ ፊት ስንሄድ 10 ሜትር ወደ ላይ እንወጣለን ማለት ነው። ኢጣሊያዊው አልቤርቶ ሚኔቲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 የተራራ ሯጮችን በሚያዘነብል የመሮጫ ማሽን ላይ አስሩጠው የሚያወጡትን ኃይል ለኩ። ከቀመራቸው እንደምናገኘው አንድ ኪሎ ግራም ክብደትን አንድ ሜትር ለማስሮጥ በሜዳ 3.6 ጁል፣ በ10 በመቶ ዳገት 6 ጁል ገደማ፣ በ20 በመቶ ዳገት 9 ጁል ያስፈልጋል። በቁልቁለት በ10 በመቶ 2.15፣ በ20 በመቶ 1.8 ጁል ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲያዘቀዝቅ ግን እንደገና ይጨምራል፤ 40 በመቶ በሆነ ገደላማ ቁልቁለት መውረድ በሜዳ ከመሮጥ አይረክስም። ሰውነት ራሱን ለመግታት ኃይል ያወጣልና።

አሁን 55 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሯጭ እንውሰድ። በሜዳ 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 470 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። አምስቱን ኪሎ ሜትር በ10 በመቶ ቁልቁለት ወርዶ በዚያው ቢመለስ 530 ገደማ ይሆናል፤ ጭማሪው 13 በመቶ ነው። መንገዱ 20 በመቶ ቢሆን ግን 710 ይደርሳል፤ ጭማሪው 50 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ተዳፋቱ በእጥፍ ሲጨምር ተጨማሪው ድካም በአራት እጥፍ ያደገው በቀመሩ ውስጥ ተዳፋቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚገኝ ነው። ወርዶ በመመለስ ትርፍ የለም፤ ቁልቁለቱ ያበደረንን ዳገቱ ከነወለዱ ይቀበላል።

ሌላም ነገር አለ። በ10 በመቶው መንገድ ሯጩ ከሸለቆው ግርጌ ሲደርስ ከጠቅላላው ኃይል ያወጣው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። ሰዓቱ ግማሽ መንገድ ጨርሰሃል ይለዋል፤ ሰውነቱ ግን ገና መጀመሩ ነው። የባሕር ዳርቻው ሯጭ ከባዱን አስቀድሞ ቀላሉን ለመመለሻ ያስቀራል፤ ከአምባ የሚነሣ ሯጭ ምርጫ የለውም፤ ቀላሉ ይቀድማል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው 15 ደቂቃ ወርዶ ይመለስ። ምን ያህል እንደወጣበት ያኔ ያውቀዋል።

የኦክስጅኑን ፍላጎትም እናስላ። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሜዳ ለመሮጥ በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 29 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይበቃል። በዚያው ፍጥነት 10 በመቶውን ዳገት ለመውጣት 48፣ 20 በመቶውን ለመውጣት 72 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። የመጨረሻው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ጥቂት ታላላቅ አትሌቶች ብቻ የሚደርሱበት ነው። በ3000 ሜትር ላይ ይህን የሚሞክር በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መቆሙ አይቀርም። የአህያ መንገድ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣበት ምክንያት ይኸው ነው። ጠቅላላውን ብናሰላ አቋርጦ ቀጥ ብሎ መውጣት የሚወስደው ኃይል ያነሰ ነው፤ የሚጎድለው ኃይሉን በዚያ ፍጥነት የሚያቃጥለው ኦክስጅን ነው። አህያዋ ቀመሩን ባታውቅም ሳንባዋ ያውቀዋል። ሯጩም በጠመዝማዛው ይሂድ፤ በጣም በቀናው ዳገት ላይ ደግሞ መራመድ ነውር አይደለም፤ የተራራ ሩጫ ሻምፒዮኖችም ይራመዳሉ።

ጉልበትን የሚጎዳው የትኛው ነው?

በቋንቋችን ጉልበት ማለት ኃይልም መገጣጠሚያም ነው። ዳገት የመጀመሪያውን ይወስዳል፤ ቁልቁለት ሁለተኛውን። ስንወርድ የጭናችን ፊተኛ ጡንቻ እየተለጠጠ ሳለ ይሠራል፤ ጭነት እያወረደ ገመዱን ቀስ በቀስ እንደሚለቅ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የጡንቻውን ጥቃቅን ክሮች ይበጣጥሳል። ሕመሙ በዚያው ቀን ሳይሆን በማግስቱና በሦስተኛው ቀን የሚጠነክረውም ለዚህ ነው፤ ብዙዎች የትናንቱን ቁልቁለት ረስተው ሕመሙን በብርድ ያመካኛሉ። ደግነቱ ጡንቻው አንድ ጊዜ ከተጎዳ በኋላ ለሚቀጥለው ይጠነክራል። ስለዚህ ቁልቁለትን በጥቂቱ እየጨመሩ መልመድ ይገባል፤ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ረጅም ቁልቁለት ለጀማሪ አይመከርም። ሲወርዱ እርምጃን ማሳጠርና ከአካል ፊት አርቆ አለመርገጥ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል።

መሬቱና ወቅቱ

ጠጠር መንገድ፣ ሯጮቻችን ኮሮኮንች የሚሉት፣ ከአስፋልት ለእግር ይሻላል፤ ሆኖም ልል ድንጋይ ቁርጭምጭሚትን ያጣምማል። ለዕለት ተዕለት ቀስ ያለ ሩጫ የተጋጠ መስክን የሚያክል የለም። አዲስ የታረሰ ማሳ ደረቅ አሸዋን ይመስላል፤ ኃይል ያባክናል፤ የሰው ማሳ መርገጥም ተገቢ አይደለም። መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ስለሚመጥና ስለሚያብጥ ጫማ ላይ ተለጥፎ እያንዳንዱን እግር ያከብዳል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚትን ያጠምዳል። በክረምት ከተቻለ ድንጋያማውን መንገድ መምረጥ ነው፤ ወደ ሸለቆ መውረድ ግን ለደራሽ ጎርፍ ያጋልጣል። ከ2000 ሜትር በታች ወባ እንዳለም አይዘንጋ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ውርጭ ይወድቃል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በጥድፊያ ሲሳብ የመተንፈሻ ቧንቧን ስለሚያደርቅ ያስላል። ፀሐይ ወጥታ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ እስኪቀልጥ መጠበቅ ወይም አፍንና አፍንጫን በስስ ነጠላ መሸፈን ይረዳል። ረፋዱ ላይ ደግሞ የፀሐዩ ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጠነክር ኮፍያ ያስፈልጋል።

ከፍ ብሎ የሚገኘውን ጓሳን ሳንጠቅስ አናልፍም። ከ3200 ሜትር በላይ የተዘረጋው ይህ ምድር ለዘመናት «ቄሮ» በተባለው የማኅበረሰብ ሥርዓት የተጠበቀ ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። ለሯጭ ግን ጓሳ ሣሩ በጉብታ በጉብታ ስለሚበቅል እግር ያሰናክላል፤ ከመንገድ መውጣትም ጥበቃውን ይጎዳል። አየሩ እጅግ ስለሳሳ ለፈጣን ልምምድ አይሆንም፤ ለረጅምና ለዝግታ ሩጫ፣ ለዚያውም በተከፈተው መንገድና በፈቃድ፣ ይስማማል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክልሉ በተከሠተው ግጭት ምክንያት ደግሞ ራቅ ወዳለ መንገድ ለመውጣት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የአካባቢውን ሰዎች ሊጠይቅ ይገባል።

አንባቢ ራሱ ሊሠራው የሚችል ሙከራ

የእጅ ሰዓትና ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። በደጋው ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ደልዳላ ቦታ ይለካ። በደንብ ካሟሟቁ በኋላ ከባልንጀራ ጋር መነጋገር በሚያስችል ፍጥነት ይሮጥና ወዲያው እንደቆሙ የልብ ምት ለ15 ሰከንድ ተቆጥሮ በ4 ይባዛ። ሰዓቱና ምቱ ይጻፉ። ከሦስት ቀን ዕረፍት በኋላ በእግር ቀስ ብሎ ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ ግማሽ ሰዓት አርፎ፣ ተመሳሳይ ደልዳላ ቦታ ላይ በዚያው የልብ ምት አንድ ኪሎ ሜትር መሮጥ ነው። በቆላ ሙቀቱ ራሱ የልብ ምትን ስለሚጨምር ሁለቱም ሙከራዎች በማለዳ ቢደረጉ ይመረጣል። ይህን ሦስት አራት ጊዜ የደገመ ሰው በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለውን ልዩነት በመቶኛ ሲያሰላ ከፍታው ምን ያህል እንደሚያዘገየው በራሱ አካል ላይ ለክቶ ያገኘዋል።

በዚያው ደብተር በየማለዳው ከአልጋ ሳይነሡ የሚቆጠር የልብ ምት ይጻፍ። ከሸለቆ በተመለሱ ማግስት ምቱ ከወትሮው በደቂቃ ከአምስት በላይ ጨምሮ ከተገኘ ሰውነት ገና አላገገመም፤ የዚያን ቀን መንገድ መስኩ ይሁን።